ኳንቲቲ ሰርቬዪንግና የግንባታ ንግድ ሥራ አመራር በዩኒቨርሲቲ፦ ከአጠና ተራ እስከ ክፍያ ሰርተፊኬት

ኳንቲቲ ሰርቬዪንግ በንድፍ ላይ የተሣለን ግንባታ ወደ ሥራ መጠን፣ የሥራውን መጠን ደግሞ ወደ ገንዘብ የሚመነዝር ሙያ ነው። የግንባታ ንግድ ሥራ አመራር የዚሁ ሙያ ሁለተኛ ገጽ ነው። ውል ከተፈረመ በኋላ ያ ገንዘብ ከአሠሪው ወደ ሥራ ተቋራጩ፣ ከተቋራጩ ወደ ንዑስ ተቋራጩና ወደ ዕቃ አቅራቢው መቼ፣ በምን ያህልና በምን ማስረጃ እንደሚሸጋገር ይመለከታል። በኢትዮጵያ ሁለቱም በአብዛኛው የሚሰጡት ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት በሚባለው የዲግሪ ትምህርት ውስጥ ነው። የሲቪል ምህንድስና ተማሪም ጥቂት ኮርሶችን ይወስዳል። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ኦፊስ ኢንጂነር ተብሎ ነው።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አጠና ተራ ለዚህ ትምህርት ጥሩ መግቢያ ይሆናል። ከባሕር ዛፍ የሚዘጋጀው አጠና የወለል አርማታ እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዘውን ፎርምወርክ ይደግፋል፤ ለልስንና ለቀለም ሥራ መወጣጫ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ይነሣል፤ በሕንፃው ላይ አንዱም አይቀርም። በተለመደው የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሠንጠረዥ፣ በሙያው አጠራር በቢኦኪው ላይም «አጠና» የሚል ተራ ቁጥር አይገኝም። ፎርምወርክ የሚለካው አርማታውን በሚነካው ገጽ በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ድጋፉ በዚያው ነጠላ ዋጋ ውስጥ ይታሰባል። የልስን መወጣጫም እንዲሁ በልስኑ ዋጋ ውስጥ ይካተታል። ይህን የዘነጋ ተጫራች ጨረታውን አሸንፎ ሥራውን በኪሳራ ይሠራል። ስለዚህ የሙያው ትምህርት ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ ይይዛል፤ ምን ይለካል? ሳይለካ ወጪ የሚያስወጣውስ በየትኛው ዋጋ ውስጥ ገብቷል?

አመጣጡ

ሙያው በራሱ ስም የጎለበተው በብሪታንያ ነው። ቀድሞ የግንበኛውንና የአናጢውን ሥራ ካለቀ በኋላ የሚለኩ ለካዮች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተቋራጮች ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዋጋ መወዳደር ሲጀምሩ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት የመጠን ዝርዝር ላይ ዋጋ እንዲሞሉ ማድረግ ግድ ሆነ። ዛሬ የቻርተርድ ሰርቬየሮች ሮያል ኢንስቲትዩት የሚባለው የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። የመጀመሪያው የብሪታንያ መደበኛ የሕንፃ ልኬት ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1922 ወጣ። ሥርዓቱ ብሪታንያ ወደገዛቻቸው አገሮች ሄዷል። ለምሳሌ የኬንያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ኳንቲቲ ሰርቬየርን ከአርክቴክት ጎን በራሱ ስም ይመዘግባል።

ኢትዮጵያ የያዘችው መንገድ ሌላ ነው። የሕንፃ ሥራ ከፍተኛ ትምህርት በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተጀመረ፤ ልደታ የሚገኘውን ግቢ ብዙዎች ዛሬም ሕንፃ ኮሌጅ ይሉታል። ትምህርቱ ቁሳቁስን፣ አሠራርንና ንድፍን አንድ ላይ የያዘ ስለነበር፣ ልኬትና ዋጋ ተለይተው የወጡ ሙያ ሳይሆኑ የሕንፃ መሐንዲሱ አንድ ተግባር ሆነው ቀሩ። የሙያው ቃላትም ታሪክ አላቸው። በሳይት የሚሰሙት ፌሮ፣ አርማታ፣ ሊሾና ጀሶ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የውል ሰነዱ ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ተማሪው በእንግሊዝኛ የተማረውን ዝርዝር ከፎርማኑና ከፌሮ ሠራተኛው ጋር በአማርኛ መነጋገር አለበት፤ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር ሳይገጥም ሲቀር የልኬት ክርክር ይነሣል።

የት ይሰጣል?

ከኮልፌ ብዙ ሳይርቅ፣ ልደታ ያለው ግቢ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ሆነ። የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ትምህርት በዚህ ተቋም ሲሰጥ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስናው ሥር በዚሁ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስተምር ቆይቷል። በክልሎችም ሐዋሳን ጨምሮ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ 70 በመቶው የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን የተቀመጠው ፖሊሲ የተማሪውን ቁጥር ከፍ አድርጎታል። ከዲግሪ በታች ደግሞ እንደ ጄኔራል ዊንጌት ያሉ ፖሊቴክኒክ ኮሌጆች የግንባታ ሙያ ያሠለጥናሉ። ሳይት ላይ ልኬት የሚይዙ ብዙ ባለሙያዎች የሚመጡት ከእነዚህ ኮሌጆች ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪው ሙሉ ጊዜ 5 ዓመት ነው። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ በመጣው የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ ይማራል። ቀጥሎ ሥዕል፣ ቅየሳ፣ የግንባታ ቁሳቁስ፣ የአፈር ባሕርይና የስትራክቸር ሀሳብ ይመጣሉ። ልኬት፣ ስፔሲፊኬሽን፣ የግንባታ መሣሪያ፣ ዕቅድና የጊዜ ሰሌዳ፣ ግዥ፣ የግንባታ ሕግ፣ የውል አስተዳደርና የግንባታ ኢኮኖሚ በኋለኞቹ ዓመታት ይሰጣሉ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ ፌሮ በአርማታ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው የፌሮ ዝርዝር ሲያወጣ መደራረቢያውን ይረሳል።

ልኬት

የልኬት ትምህርት ሦስት ሰነዶችን አብሮ ማንበብን ይጠይቃል። ንድፉ ምን እንደሚሠራ፣ ስፔሲፊኬሽኑ በምን ጥራት እንደሚሠራ፣ የልኬት ደንቡ ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚቆጠር ይናገራል። በኢትዮጵያ የሕንፃ ሥራ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃሉ ባትኮዳ የሚባለው የሕንፃና ትራንስፖርት ኮንስትራክሽን ዲዛይን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው መደበኛ ስፔሲፊኬሽንና የልኬት ዘዴ ነው። የመንገድ ሥራ ደግሞ የመንገዶች አስተዳደርን ስፔሲፊኬሽን ይከተላል።

ተማሪው ቁጥሩን ቴክ ኦፍ ሺት በሚባለው የልኬት ቅጽ ላይ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ብሎ ይሞላል፤ ከዚያ ወደ ቢኦኪው ያጠቃልላል። አንድ ቀላል ምሳሌ ብዙ ያስረዳል። 10 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወለል ጠፍጣፋ አርማታ መጠኑ 12 ሜትር ኩብ ነው። የታችኛው ፎርምወርክ 80 ካሬ ሜትር፣ የዙሪያው ጠርዝ 5.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢነጠፍ፣ 8 ሜትር የሚረዝሙ 51 እና 10 ሜትር የሚረዝሙ 41 ፌሮዎች ያስፈልጋሉ። በድምሩ 818 ሜትር ነው። የፌሮ ክብደት በሜትር የሚገኘው የዲያሜትሩን ካሬ ለ162 በማካፈል ሲሆን፣ ለ10 ሚሊ 0.617 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህ ሽፋኑ ሳይቀነስ፣ መታጠፊያውና መደራረቢያው ሳይጨመር ወደ 505 ኪሎ ግራም ይመጣል።

ስሌቱ ከዚህ በኋላ ወደ ንግድ ይገባል። ፌሮ በአብዛኛው የሚሸጠው በ12 ሜትር ርዝመት ነው። ከ12 ሜትሩ 8 ሜትር ሲቆረጥ 4 ሜትር ይተርፋል። ደንቡ የሚከፍለው ንድፉ ላይ ላለው የተጣራ ክብደት ከሆነ፣ ቁርጥራጩ የተቋራጩ ዕዳ ነው። ቁርጥራጩን መደራረቢያና አጭር ፌሮ ላይ የሚያውል የአቆራረጥ ዕቅድ ያወጣ ያተርፋል፤ በደፈናው ያስቆረጠ ይከስራል። የቁፋሮ ልኬትም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ሠፈሮች ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ስላለ፣ ምን ያህሉ ተነሥቶ በተመረጠ አፈር እንደሚተካ የሚታወቀው ጉድጓዱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ በቢኦኪው ላይ ያለው የቁፋሮ መጠን ግምት ሆኖ ይቆያል፤ ክፍያው የሚመጣው በሥራው ላይ በጋራ በሚደረግ ልኬት ነው።

ነጠላ ዋጋ

ከልኬት ቀጥሎ የሚመጣው የአንድ ሜትር ኩብ ወይም የአንድ ካሬ ሜትር ዋጋ ነው። ተማሪው የሚማረው የዋጋ ትንተና ቅጽ ሦስት ዓምዶች አሉት። እነሱም ቁሳቁስ፣ ጉልበትና መሣሪያ ናቸው። የጉልበቱ ዋጋ የሚገኘው ቡድኑ በሰዓት የሚያወጣውን ሥራ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ድርሻና የሰዓት ክፍያውን በማገናኘት ነው። በቀጥተኛው ወጪ ላይ የቢሮና የሳይት አስተዳደር ወጪ፣ አደጋና ትርፍ ይጨመራሉ።

አጠናው ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። አንድ ተቋራጭ ለአንድ ወለል ድጋፍ የሚገዛው አጠና አራት ጊዜ የሚያገለግል ከሆነ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ፎርምወርክ የሚጫነው የአጠና ወጪ ሩብ ብቻ ነው። ድግግሞሹን የሚወስኑት የእንጨቱ ጥራት፣ የሠራተኛው ጥንቃቄና በወለሎች መካከል ያለው የጊዜ ዕቅድ ናቸው። ሥራው ቸኩሎ ሁለት ወለል በአንድ ጊዜ ከተደገፈ ድግግሞሹ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን በውል ታስሯል። በብረት ድጋፍ መተካትም እንዲሁ ስሌት ይጠይቃል። የብረት ድጋፍ መጀመሪያ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል ግን በፎቅ በፎቅ ይካፈላል።

ሌላው የኢትዮጵያ ትምህርት ሊያልፈው የማይችለው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአዲስ አበባ በስፋት ተገንብቷል፤ ኮልፌ ውስጥ ያለው ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም አንዱ ነው። አሠሪው ሲሚንቶና ብረት ገዝቶ ለተቋራጩ በሚያቀርብበት አሠራር፣ ዋናው የዋጋ ጥያቄ የዕቃ ማወራረድ ይሆናል። ከላይ ያለው 12 ሜትር ኩብ አርማታ በሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ የሚበላ ከሆነ 43.2 ኩንታል ይፈልጋል። 5 በመቶ ብክነት ቢፈቀድ ወደ 45.4 ኩንታል ይደርሳል። ከመጋዘን 50 ኩንታል ወጥቶ ከሆነ የ4.6 ኩንታሉን ምክንያት ማብራራት ያለበት የኦፊስ ኢንጂነሩ ሠንጠረዥ ነው።

ውልና ሕግ

የግንባታ ውል በኢትዮጵያ መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ከአንቀጽ 3019 ጀምሮ፣ የመንግሥት ሥራ ውል ደግሞ ከአንቀጽ 3244 ጀምሮ ይገኛሉ። በዚያ ላይ የግዥ ሕግ ይጨመራል። የፌዴራል መንግሥት ግዥ ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ተማሪው የመንግሥት መደበኛ የጨረታ ሰነዶችን ያነባል። ከውጭ አበዳሪ ገንዘብ ጋር በተያያዙ ሥራዎች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊዲክ ያወጣቸውን የውል ሁኔታዎች ያጠናል።

የውል ዓይነት ልዩነት ከኮልፌ ጎን ይታያል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ሁለቱም የባቡሩ መስመሮች ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ሥራ በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ በአንድ የቻይና የባቡር ግንባታ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉ፣ ግዥውና ግንባታው በአንድ ተቋራጭ እጅ ነበሩ። የገንዘቡን 85 በመቶ የሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። እንደዚህ ባለ ውል ክፍያው ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ልኬት ይልቅ ከተደረሰባቸው የሥራ ምዕራፎች ጋር ይያያዛል፤ የመጠን ስህተት አደጋም በአብዛኛው በተቋራጩ ላይ ይወድቃል። በቢኦኪው ላይ በተመሠረተ ውል ግን መጠኑ እንደገና ተለክቶ ይከፈላል፤ አደጋው በአሠሪው በኩል ያደላል። ሁለቱን መለየት ያልቻለ ተማሪ ትክክለኛውን ቁጥር በተሳሳተ ውል ላይ ይሠራል።

ከፊርማ በኋላ

የንግድ ሥራ አመራሩ የሚታየው በየወሩ ክፍያ ነው። የክፍያ ሰርተፊኬት ስሌት በምሳሌ ይገለጻል። እስከ ዛሬ የተሠራው 10 ሚሊዮን ብር፣ ቀድሞ የተከፈለበት 6 ሚሊዮን ብር ቢሆን የዚህ ጊዜ ሥራ 4 ሚሊዮን ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 600 ሺህ ይጨምራል። 5 በመቶ መያዣ 200 ሺህ፣ 30 በመቶ የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ ደግሞ 1.2 ሚሊዮን ይቀንሳሉ። ሌላ ቅድመ ግብር ካልታሰበ የተጣራው ክፍያ 3.2 ሚሊዮን ይሆናል። ተቋራጩ የሠራው የ4 ሚሊዮን ሥራ ቢሆንም ለሠራተኛና ለዕቃ የሚከፍለው ከዚህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትምህርት ከትርፍ ስሌት የማይተናነስ ዋጋ አለው። ትርፍ ያለው ውል ይዞ በገንዘብ እጦት የሚቆም ሳይት የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

የሥራ ለውጥ፣ በሳይት አጠራር ቫሪዬሽን፣ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ቢኦኪው ላይ ተመሳሳይ ሥራ ካለ በዚያው ዋጋ፣ ከሌለ በቅርቡ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ፣ ያም ካልተገኘ በአዲስ ትንተና ይተመናል። የፊዲክ የ1999 እ.ኤ.አ. ቀይ መጽሐፍ አዲስ ዋጋ የሚፈቀድበትን ሁኔታ በቁጥር አስቀምጧል፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ የሥራው መጠን ከ10 በመቶ በላይ መለወጡ ነው። ሦስተኛው ክሌም፣ ማለትም የተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ጥያቄ ነው። በዚያው መጽሐፍ ተቋራጩ ምክንያቱ መፈጠሩን ካወቀ በ28 ቀናት ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። የካቲት ላይ የተከሰተ የንድፍ መዘግየት በሰኔ ሲጠየቅ፣ ክርክሩ ከጉዳዩ ይልቅ በማስታወቂያው ቀን ላይ ይሆናል። ስለዚህ የሳይት ማስታወሻ፣ የደብዳቤ ቀንና የልኬት ፊርማ የትምህርቱ አካል ናቸው።

የዋጋ ማስተካከያ አራተኛው ነው። ቀመሩ የተወሰነውን የክፍያ ድርሻ ሳይለወጥ ያስቀምጥና ሌላውን በቁሳቁስና በጉልበት ጠቋሚ ዋጋ ያባዛል። ለምሳሌ ቋሚው 0.20፣ ብረት 0.20፣ ሲሚንቶ 0.15፣ ጉልበት 0.25፣ ነዳጅ 0.20 ድርሻ ቢኖራቸውና የብረት ጠቋሚ ብቻ እጥፍ ቢሆን፣ ክፍያው በ1.20 ይባዛል። ይህ ከመማሪያ ክፍል ያለፈ ጉዳይ መሆኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ታይቷል። የዶላሩ ዋጋ በወራት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የማስተካከያ አንቀጽ ያለውና የሌለው ውል የያዙ ተቋራጮች፣ ያንኑ ፌሮ ከዚያው ገበያ እየገዙ የተለያየ ዕጣ ገጠማቸው።

አለመግባባት ሲነሣ ተማሪው ስለ ድርድር፣ ከፍርድ ቤት ክርክር በፊት ስለሚመጡ ሌሎች መንገዶችና ስለ ግልግልም ይማራል። የግልግል ዳኝነት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይመራል። አዋጁ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር የአስተዳደር ውልን ለግልግል ክፍት ስለማያደርግ፣ አሠሪው መንግሥት ሲሆን የግልግል አንቀጹ ዋጋ እንዳለው መጀመሪያ መታየት አለበት።

ልምምድ፣ ምዘናና ሥራ

ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሴሚስተር ገደማ ለልምምድ ይወጣል። የልምምዱ ፍሬ በምደባው ይወሰናል። ሳይት የተመደበ ሰው የፌሮ ቆረጣና የአርማታ ሙሌት ያያል። የተቋራጭ ቢሮ የገባ ቴክ ኦፍና የክፍያ ጥያቄ ይሠራል። አማካሪ ዘንድ ያለ ደግሞ የሌላውን ጥያቄ ይመረምራል። ሙያው የተሟላ የሚሆነው አንዱን ቁጥር ከሦስቱም ወገን ማየት ሲቻል ነው፤ አንድ ሴሚስተር ግን ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ኮልፌ፣ ቤተል፣ አየር ጤናና ዓለም ባንክ አካባቢ ያለው የግል ቤት ግንባታም የራሱ ትምህርት ቤት ነው። ቢኦኪው ሳይኖር ሥራ በካሬ ሜትር የእጅ ዋጋ ይሰጣል፤ ዕቃውን ባለቤቱ ይገዛል፤ ክርክሩም የሚጀምረው የመስኮት ክፍተት ከልስኑ ካሬ ይቀነስ ወይ በሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሥራው ሳይጀመር የተስማሙበት የልኬት ደንብ ነው።

በኮምፒዩተር በኩል አውቶካድና ኤክሴል ዋና መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ለጊዜ ሰሌዳ ኤምኤስ ፕሮጀክትና ፕሪማቬራ ያገለግላሉ። እንደ ሬቪት ያሉ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያዎች መጠኑን ከሞዴሉ ያወጣሉ። ያም ቢሆን ሞዴሉ ያልተሣለበትን አጠና አይቆጥርም፤ የልኬት ደንቡን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች አገር አቀፍ መውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በብሪታንያ ዲግሪው ብዙ ጊዜ 3 ዓመት፣ በሥራ ልምምድ ዓመት ሲታጀብ 4 ዓመት ይወስዳል፤ ቻርተርድ ለመሆን ግን ከምረቃ በኋላ በተመዘገበ የሥራ ልምድና በቃል ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ተመራቂው በባለሙያነት ተመዝግቦ በልምዱ ደረጃ ያድጋል፤ ተቋራጮችም ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ደረጃ ይመደባሉ። የሥራ ዕድሉ በተቋራጭ፣ በአማካሪ፣ በሪል እስቴት፣ በባንክ የንብረት ግምትና በመንግሥት የግዥ ክፍሎች ነው።

ሚዛኑ

የኢትዮጵያ ትምህርት ጠንካራ ጎን ቴክኒካዊ መሠረቱ ነው። 5 ዓመት የተማረ ሰው ስትራክቸሩንና አፈሩን ያውቃል፤ የሚለካውን ሥራ አሠራር ይረዳል። ደካማ ጎኑ የንግድ ሥራ አመራሩ በኋለኞቹ ዓመታት በተጨናነቁ ኮርሶች መቅረቱ ነው። የክፍያ ስሌት በፈተና ይጠየቃል፤ የ28 ቀን ማስታወቂያ የሚጻፍበት፣ የክሌም ፋይል የሚደራጅበት፣ ከንዑስ ተቋራጭ ጋር የሚደራደሩበት ልምምድ ግን ለሥራ ቦታ ይተዋል። ከዚህ ሌላ፣ የዋጋ ትንተና በገበያ መረጃ ላይ ይቆማል፤ ታማኝ የጠቋሚ ዋጋና የአመራረት ልክ ስብስብ ከሌለ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ቁጥር ይዞ ይከራከራል። ስም የለሽነቱም ዋጋ አለው። ሙያው በሕግ በራሱ ስም ሲለይ ኃላፊነቱ ይለያል፤ ኦፊስ ኢንጂነር ተብሎ ሲቀር ግን የልኬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከውሉ ይልቅ በቢሮው ልማድ ይወሰናል።